ለአጭር ጠመንጃ ሳይለንሰር ስትመርጡ፦ ለሁሉም የሚሆን ወይስ ለአንድ ካሊበር ብቻ?

ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ፣ ቅዳሜና እሁድ የጠመንጃ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ እቆማለሁ። በአዘቦት ቀን ሥራዬ ቶርኖ ነው። አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ የተማርኩት የብረት ሥራ እዚህ ቴክሳስም እንጀራዬ ሆኗል። ሱቁ ውስጥ አማርኛ የምናገረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሐበሻ ደንበኛ በገባ ቁጥር ወደኔ ይላካል። ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ ደግሞ ጥያቄው አንድ ዓይነት ሆኗል። «ለአጭሯ ጠመንጃዬ ሳይለንሰር ልገዛ ነው። ለሁሉም የሚሆን አንድ ልግዛ ወይስ ለሷ ብቻ?»

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አጭሯ ጠመንጃችሁ 5.56 የሚባለውን ቀጭን ጥይት የምትተኩስ ከሆነችና ሳይለንሰሩ ከሷ ላይ የማይነሳ ከሆነ፣ ለ5.56 ብቻ የተሠራውን ግዙ። 300 ብላክአውት የሚባለውን ወፈር ያለ ጥይት የምትተኩስ ከሆነች ባለ 30 ካሊበሩን ግዙ (ካሊበር የጥይቱ ውፍረት ነው)። ሁለቱም ካሏችሁና ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ፣ አሁንም ባለ 30ው ነው። ከሽጉጥ እስከ ትልቅ አደን ጠመንጃ ሁሉን እችላለሁ የሚለውን ባለ 46 ካሊበር ግን ለአጭር ጠመንጃ ብላችሁ አትግዙ። ለምን እንደሆነ ደግሞ ቁጭ ብለን እንየው።

ወረቀቱን አስቀድማለሁ፤ ምርጫውን የቀየረው እሱ ነውና። በፌዴራል ሕግ በርሜሉ ከ16 ኢንች፣ ወይም ጠቅላላ ቁመቱ ከ26 ኢንች ያነሰ ጠመንጃ «አጭር በርሜል» ይባላል። እሱም ሳይለንሰሩም በ1934 በወጣው ሕግ ሥር ናቸው። ሁለቱም ሳይመዘገቡ አይያዙም። ለዘጠና ዓመት ያህል ለእያንዳንዱ 200 ዶላር ታክስ ይከፈል ነበር። በዚያ ላይ ጥበቃው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኤቲኤፍ (የጦር መሣሪያን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ወረቀቱን እስኪያጸድቅ ስምንት፣ አስር ወር መቀመጥ የተለመደ ነበር። ያኔ «አንድ ጠንካራ ገዝተህ ሁሉም ላይ አዙረው» የሚለው ምክር ልክ ነበር። 200 ዶላርና አንድ ዓመት ሁለቴ ማቃጠል ማን ይፈልጋል?

ጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ ይህን ታክስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለሳይለንሰርም ለአጭር ጠመንጃም ዜሮ አደረገው። ምዝገባው አልቀረም። አሻራ አለ፣ ፎቶ አለ፣ የኋላ ታሪክ ማጣራት አለ። የቀረው ገንዘቡ ነው። ፎርም 4 የሚባለው የዝውውር ማመልከቻም በኦንላይን ስለሚሞላ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት መልስ ይመጣል። እንግዲህ «ለሁሉም የሚሆን አንድ» የሚለው ሐሳብ ትልቁ ድጋፉ ከሥሩ ተነስቷል። ዛሬም ይህንኑ ምክር የሚሰጧችሁ ሰዎች ብዙዎቹ የዱሮውን ሒሳብ ነው የሚነግሯችሁ። አሁን የሚቀረው የዕቃው ዋጋ ነው። ደህና የጠመንጃ ሳይለንሰር ከ500 እስከ 1200 ዶላር ድረስ ይሄዳል። ያ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ቢሆንም ሁለተኛውን ከዓመት በኋላ መጨመር ይቻላል።

ለእኛ ሰው ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ፣ በጉብኝት ወይም በመሳሰለው ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ጠመንጃ መያዝም አይፈቀድለትም። ሳይለንሰር ደግሞ በሕጉ ዓይን ራሱ እንደ ጠመንጃ ይቆጠራል። ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ ጠበቃውን ያናግር። ሌላው «አውሰኝ» የሚባለው ነገር ነው። በስማችሁ የተመዘገበ ሳይለንሰር እናንተ በሌላችሁበት ጓደኛ ቤት ማደር የለበትም፤ ወንድም ይሁን ሚዜ። ሚስትም ሆነች ወንድም እንዲጠቀሙበት ከፈለጋችሁ ትረስት (ንብረትን በጋራ የሚያስይዝ ሕጋዊ ውል) አቋቁማችሁ በዚያ ስም አስመዝግቡ። ለሌላ ሰው ብሎ በራስ ስም መግዛት ወንጀል ነው። ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም እንዲሁ። ኦንላይን ላይ «የማጽጃ ዕቃ» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠውን ቱቦ ደግሞ በእጃችሁም አትንኩ። ስሙ ምንም ይሁን፣ ሕጉ የሚያየው ሥራውን ነው፤ እንደ ሳይለንሰር የሚሠራ ከሆነ ሳይለንሰር ነው።

ስቴቱም ይታይ። ሳይለንሰር ለግለሰብ የተፈቀደው በ42 ስቴቶች ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኢሊኖይ፣ ሃዋይ፣ ደላዌርና ሮድ አይላንድ አይፈቅዱም። ዋሽንግተን ዲሲም አይፈቅድም፤ ቨርጂኒያ ያላችሁ ዘመዶቻችን መኪና ውስጥ ይዛችሁት በዲሲ ስታቋርጡ ይህን አስቡ። አጭር ጠመንጃን ከስቴት ወደ ስቴት ይዞ ለመሄድ ደግሞ አስቀድሞ የኤቲኤፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ። እዚህ ነው ደስ የሚለኝ።

ሳይለንሰር በሥራው የመኪና ማርሚታ ነው። ጋዙ አንዴ ፈንድቶ ከመውጣት ይልቅ ክፍል ለክፍል እየተጣጠፈ፣ እየበረደ፣ ጉልበቱን እየጣለ ይወጣል። ዝምድናቸው ደግሞ የወሬ አይደለም። በ1909 የመጀመሪያውን በገበያ የተሳካ ሳይለንሰር ፓተንት ያደረገው ሂራም ፐርሲ ማክሲም ለሞተር ጭስ ማውጫም ይኸው ሐሳብ ላይ የሠራ ሰው ነው። አባቱ ማክሲም የሚባለውን መትረየስ የሠራው ሰው ነው። አባት ጩኸቱን ፈጠረ፣ ልጅ አፉን ያዘው።

በረጅም በርሜል ላይ ይህ ማርሚታ ኑሮው ቀላል ነው። 5.56 ጥይት ሲታሰብ 20 ኢንች በርሜል ታስቦለት ነው። በዚያ ርዝመት ባሩዱ አብዛኛው በርሜሉ ውስጥ ይነዳል፤ ጥይቱ ሲወጣ ከኋላው ያለው ጋዝ ጉልበቱ ተዳክሟል። በርሜሉን 10.5 ኢንች ስታደርጉት ጥይቱ የሚወጣው ባሩዱ ገና እየነደደ ሳለ ነው። አፈሙዙ ላይ ያለው ግፊት ከ20 ኢንቹ ጋር ሲነጻጸር ከእጥፍ በላይ ነው። ያልነደደው ባሩድ እንደ አሸዋ ነው የሚመታው። ይህን ሁሉ ፊት ለፊት የሚቀበለው የመጀመሪያው ግድግዳ ነው፤ ባፍል እንለዋለን። አጭር ጠመንጃ ላይ ሳይለንሰር የሚሞተው እዚያ ጋ ነው።

ስለዚህ ባንኮኒ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ካሊበሩ ስንት ነው?» አይደለም። «በርሜሉ ስንት ኢንች ነው?» ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ በመመሪያው ላይ ለየካሊበሩ ዝቅተኛውን የበርሜል ርዝመት ይጽፋል። ያው አንድ ሳይለንሰር ለ5.56 አጭር በርሜል ፈቅዶ 308 ለሚባለው ጉልበተኛ ጥይት ረጅም ሊጠይቅ ይችላል። ሻጩ «ይችለዋል» ቢላችሁ አትመኑት፤ እኔንም ጭምር። መመሪያውን አስከፍታችሁ በዓይናችሁ አንብቡ። ከተጻፈው በታች ሄዳችሁ ቢበላሽ ዋስትናው አይሸፍናችሁም።

ቀጥሎ የተሠራበትን ብረት ጠይቁ። ቲታኒየም ቀላል ነው፤ ተራራ ለሚወጣ አዳኝ፣ በረጅም በርሜል ቀስ ብሎ ለሚተኩስ ሰው ተወዳጅ ነው። በጣም ሲግል ግን ጥንካሬው ይወርዳል። ትኩስ ባሩድ ሲመታው ደግሞ ብልጭታ ያወጣል፤ ማታ ከሆነ ከሩቅ ይታያል። ለአጭር በርሜል ኢንኮኔል ወይም ስቴላይት የሚባሉትን እመርጣለሁ። ኢንኮኔል የጄት ሞተር ብረት ነው። ቶርኖ ላይ ስናስገባው እኛን ያስለቅሰናል፤ እየተቆረጠ ይጠነክራል፣ መቁረጫውን ይበላል። ያ ለኔ መከራ የሆነው ጠባዩ ነው ለናንተ የሚጠቅማችሁ። ስቴላይት ኮባልት የበዛበት ብረት ነው፤ እሱም ሙቀትና ፍትጊያ አይበግረውም። 17-4 የሚባለው ስቴንለስም ደህና ነው፤ ዋጋውም ይሻላል። ሁሉም ከቲታኒየም ይከብዳሉ። አጭር ጠመንጃ ላይ ክብደቱን ተቀበሉት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን፣ ወደ ቀዳዳው። የ5.56 ጥይት ውፍረቱ 5.7 ሚሊሜትር ነው። ለሱ ብቻ የተሠራ ሳይለንሰር ቀዳዳው ወደ 7 ሚሊሜትር ይጠጋል እንበል። ባለ 30 ካሊበሩ 8.7 አካባቢ፣ ባለ 46ቱ ደግሞ 12.7 አካባቢ። ልዩነቱ ለዓይን ትንሽ ይመስላል። ግን ጥይቱ ሲያልፍ ዙሪያውን የሚቀረውን ክፍተት በስፋት አስሉት። በባለ 30ው ከ5.56ቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሆናል። በባለ 46ቱ ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ጋዙ የሚያመልጠው በዚያ ነው። በረጅም በርሜል ደክሞ የሚወጣ ጋዝ ቢያመልጥ ልዩነቱ ጥቂት ዴሲቤል ነው፤ ብዙ ሰው አይለየውም። በ10.5 ኢንች ላይ የሚያመልጠው ግን ገና የሚነድ ጋዝ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ አልደብቃችሁም። ቀዳዳው ጠባብ ሲሆን ጋዙ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወዴት? ወደ ጠመንጃው ሆድ፣ ከዚያም ወደ ፊታችሁ። ባለ 30ው ሰፋ ስለሚል 5.56 ላይ ሲታሰር ወደ ኋላ የሚመልሰው ጋዝ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ይህን ብለው አውቀው ባለ 30 አጭር 5.56 ላይ የሚያስሩ አሉ፤ ጅል አይደሉም። እኔ ግን ጋዙን በሌላ መንገድ ማስተካከል ይሻላል ባይ ነኝ፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

በተግባር ስንት ዓይነት ሰው ይመጣል? አንዱ ባለ 10.5 ወይም 11.5 ኢንች 5.56 ይዞ ቤቱን ለመጠበቅና የተኩስ መለማመጃ ቦታ ሄዶ ለመተኮስ የሚፈልግ ነው። ለዚህ ሰው እንደ ሹርፋየር ሶኮም 556 አርሲ2 ያለ፣ ለ5.56 ተብሎ ለከባድ ሥራ የተሠራ ይበቃዋል። አጠር ይላል፣ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ርዝመትንም አስቡ። 10.5 ኢንች ላይ 6 ኢንች ስትጨምሩ ተመልሳችሁ 16.5 ናችሁ። ጠመንጃውን ያሳጠራችሁት በር ለመዞር ከሆነ፣ 8 ኢንች የሚሆን ሁሉን አቀፍ ጫፉ ላይ መስቀል የደከማችሁበትን ያፈርሰዋል።

ሌላው አሳማ አዳኙ ነው። ቴክሳስ ውስጥ የዱር አሳማ እርሻ እያረሰ ገበሬውን ያስመረረ ተባይ ነው። የመሬቱ ባለቤት ከፈቀደ ማታም ይታደናል። እኛ ሐበሾች አደኑን እንወዳለን፣ ሥጋውን ለባለ እርሻው ትተን እንመለሳለን፤ ፈረንጆቹ ይህ ነገር እስካሁን አልገባቸውም። ለዚህ ሥራ 300 ብላክአውት የሚባለው ጥይት ተስማሚ ነው። በ2011 ነው በይፋ ደረጃ የወጣለት፤ ሲታሰብም ለአጭር በርሜልና ለሳይለንሰር ነው። 9 ኢንች አካባቢ በርሜል ይበቃዋል። ጥይቱ 30 ካሊበር ስለሆነ ሳይለንሰሩም ባለ 30 መሆን አለበት። ደድ ኤር ሳንድማን ኤስ ለምሳሌ ባፍሉ ስቴላይት ነው፤ ከ300 ብላክአውት ወደ 5.56 ማዘዋወርም ይቻላል። ሁለቱም ጠመንጃ ላለው ሰው የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ስለ 300 ብላክአውት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቀለሁ ከ5.56 የተወለደ ነው። ካዝናውም አንድ ነው። በስህተት 5.56 ጠመንጃ ውስጥ ከገባ አንዳንዴ መዝጊያው ይዘጋል፤ ምላጩ ሲሳብ ጠመንጃው ይፈነዳል። ቀልድ አይደለም። የ300ውን ካዝናዎች በቀለም ወይም በፕላስተር ለዩ። ሁለቱን ጥይት አንድ ጠረጴዛ ላይ አትዘርግፉ።

ሦስተኛው ደንበኛ «ሃይብሪድ 46 ልግዛ፣ ለሽጉጤም ለጠመንጃዬም ይሆናል» የሚለው ነው። ሳይለንሰርኮ የሚሠራው ይህ ዕቃ መጥፎ ዕቃ አይደለም። የሽጉጡን 9 ሚሊሜትርም፣ 45-70 እና 338 ላፑዋ የሚባሉትን ትልልቅ የጠመንጃ ጥይቶችም ይችላል። 45-70 ላለው ሰው እኔ ራሴ ነኝ የምሸጥለት። ለ10.5 ኢንች 5.56 ግን ልክ የሌለው ጫማ ነው።

ወደ ማሰሪያው እንሂድ። ቶርኖ ሠራተኛ ስለሆንኩ እዚህ ትንሽ እቆያለሁ።

አሜሪካ ውስጥ የ5.56 አፈሙዝ ፊሌቶ (ሳይለንሰሩ የሚጠመዘዝበት ጥርስ) ብዙውን ጊዜ 1/2 በ28 ነው። የ30 ካሊበር ደግሞ 5/8 በ24። የመጀመሪያው ቁጥር ውፍረቱ በኢንች፣ ሁለተኛው በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው ጥርስ ብዛት ነው። አደጋው የት ነው? ብዙ 9 ሚሊሜትር ሽጉጦችና አጫጭር ጠመንጃዎችም 1/2 በ28 ናቸው። ማለትም 5.7 ሚሊሜትር ለሚሆን ጥይት የተሠራ ሳይለንሰር 9 ሚሊሜትር በርሜል ላይ እጅ ሳይከብድ ይገባል፤ ልክክ ብሎ። ፊሌቶ ካሊበር አይነግራችሁም። ጥይቱ ከቀዳዳው ሲበልጥ ሳይለንሰሩ ይፈነዳል፤ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጠመንጃ ካለ ሳይለንሰሩ ላይ የተጻፈውን ካሊበር ሳታነቡ አትሰሩት።

አሁን ብዙ ፋብሪካዎች የሳይለንሰሩን ጀርባ 1.375 በ24 በሆነ የጋራ ፊሌቶ ይሠሩታል። ሐብ ይሉታል። ጥቅሙ የማሰሪያውን ዓይነት ከሌላ ፋብሪካ ገዝታችሁ መቀየር መቻላችሁ ነው። አዲስ የምትገዙ ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሲሆን፣ ሐብ ያለውን እመርጣለሁ። ሹርፋየር የራሱን ማሰሪያ ነው የሚጠቀመው፤ ከገባችሁበት በየጠመንጃው የሱን ዕቃ ትገዛላችሁ ማለት ነው።

አፈሙዙ ላይ የሚታሰረው ነገር ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። የብልጭታ መቀነሻና ብሬክ (ጋዙን ወደ ጎን እየመለሰ የጠመንጃውን ምት የሚቀንስ)። ለአጭር በርሜል ብሬክ ይሻላል። ለምን? ያ እንደ አሸዋ የሚመታ ባሩድ መጀመሪያ የሚያገኘው ብሬኩን ስለሆነ ነው። 100 ዶላር አካባቢ የሚገዛ ብሬክ ይበላ፣ 1000 ዶላሩ ባፍል ይቆይ። ሲታሰር ሮክሴት የሚባል ማጣበቂያ ይቀባል፤ እሱ በሙቀት አይላቀቅም። ለመፍታት ስትፈልጉ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። በእሳት የሚታገሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ በርሜላችሁን አታበላሹ።

አንድ ቀን አንድ ወንድማችን 11.5 ኢንች ጠመንጃውን ከአዲስ ሳይለንሰሩ ጋር ይዞ መጣ። ገና አልተኮሰበትም። «ወንድሜ፣ ከመተኮስህ በፊት በዘንግ እንየው» አልኩት። ይህ ዘንግ በየካሊበሩ የሚሸጥ፣ ቀጥ ብሎ የተፈጨ ብረት ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለታችንም አየን። ዘንጉን ከአፈሙዙ ወደ ውስጥ ከተን ሳይለንሰሩን አሰርንና ጫፉ ላይ በባትሪ አየነው። ዘንጉ መሀል መቆም ሲገባው በስተግራ ጠርዙን ሊነካ ጸጉር ነው የቀረው። ብሬኩን ስፈታው ከሥሩ እየተጨፈለቀ የሚጠብቅ ዋሸር አገኘሁ፤ ተራ የአፈሙዝ ዕቃ ሲገዛ አብሮ የሚመጣው ዓይነት። እሱ ሲጨፈለቅ አንዱ ጎኑ ይበልጥ ይጫናል፤ ብሬኩ ያጋድላል። አፈሙዙ ጋ ፀጉር የምታክል ማጋደል 6 ኢንች ርቃ ስትሄድ ሚሊሜትር ትሆናለች። ዋሸሩን ጥለን በልኩ የተፈጨ ሺም (የማይጨፈለቅ ስስ ቀለበት) አስገባንና ድጋሚ ዘንጉን ከተትን። በዙሪያው ያለው ክፍተት እኩል ሆነ። ያን ቀን አንድ ጥይት ቢተኩስ ባፍሉን ይመታው ነበር።

ለ5.56 ብቻ የተሠራው ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ይህ ፍተሻ እዚያ ላይ ይብሳል። ባለ 30ው ትንሽ ስህተት ይችላል። እንደኔ ግን ስህተትን ለመሸፈን ብሎ ሰፊ መግዛት ልክ አይደለም፤ ዘንጉ ርካሽ ነው።

አሁን ወደ ጋዙ። አንድ ትልቅ ሰው፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው፣ ሳይለንሰር ባሰሩ ማግስት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ዓይኔን አነደደኝ። ሽንኩርት የምከትፍ ነው የመሰለኝ» አሉ። ግራኝ ናቸው፤ ስለዚህ ቀለሁ የሚወጣበት ቀዳዳ ፊታቸው ጋ ነው። ሳይለንሰር ሲታሰር ጋዙ ወደ ኋላ ስለሚገፋ መዝጊያው ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ይከፈታል። አጭር ጠመንጃ ደግሞ ያለ ሳይለንሰርም እንዲሠራ ብለው የጋዝ ቀዳዳውን (መዝጊያውን የሚገፋው ጋዝ ከበርሜሉ የሚወጣበትን) ብዙ ጊዜ ሰፋ ያደርጉታል። ሁለቱ ሲደመሩ ነው ዓይን የሚያነዱት።

ምልክቱ ቀለሁ ነው። ወደ ቀኝ ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ የሚወድቅ ከሆነ ደህና ነው። ወደ ፊት ተወርውሮ የሚሄድ ከሆነ ጋዝ በዝቷል። ከርካሹ ጀምሩ። ሰደፉ ውስጥ ያለውን ባፈር (ከመዝጊያው ጋር ወደ ኋላ የሚሄደውን ክብደት) ከተራው 3 አውንስ ወደ ኤች2 ቀይሩ፤ እሱ 4.6 አውንስ አካባቢ ነው። መዝጊያው ይዘገያል። ያ ካልበቃ የሚስተካከል የጋዝ ብሎክ (ከበርሜሉ የሚወጣውን ጋዝ የሚመጥን ዕቃ) አስገጥሙ። ለጋሼ ባፈሩ ግማሹን ነው የቀነሰው፤ ጋዝ ብሎኩ ጨረሰው። ገና ያልገዛችሁና ግራኝ የሆናችሁ ወይም መነጽር የማታደርጉ ግን ጋዙን ወደ ፊት የሚያሳልፈውን ዓይነት እዩ፤ የሃክስወርክስ ፍሎው 556ኬ አንዱ ነው። ድምፁና ብልጭታው ከሌሎቹ ሊለይ ስለሚችል ከተቻለ አንድ የተኩስ መለማመጃ ቦታ ላይ ሞክራችሁ ግዙ።

ድምፁን በሚመለከት ጠብቃችሁ የምትመጡት ነገር ብዙ ጊዜ ከፊልም የመጣ ነው። ፊሽ የሚል 5.56 የለም። ባዶ አፈሙዝ ላይ 5.56 ከ160 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ሲያጥር ይጨምራል። ሳይለንሰር እንደ ዓይነቱ ከ20 እስከ 35 ይቀንሳል። ለቅጽበታዊ ድምፅ የጆሮ አደጋ መስመር ሆኖ የሚያገለግለው 140 ነው። አጭር በርሜል ከአጭር ሳይለንሰር ጋር እዚያው መስመር ላይ ይንገዋለላል። ስለዚህ የጆሮ መከላከያ አይወልቅም። በዚያ ላይ ጥይቱ ራሱ ከድምፅ ይፈጥናል፤ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ነው፣ 5.56 ከአጭር በርሜልም ቢሆን ከእጥፍ በላይ ይሄዳል። አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማውን ጩኸት የሚያፍን ሳይለንሰር የለም።

300 ብላክአውት እዚህ ላይ ነው የሚለየው። ከድምፅ በታች የሚሄድ፣ 190 ወይም 220 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) የሆነ ከባድ ጥይት አለው። እሱ በባለ 30 ሳይለንሰር ሲተኮስ የምትሰሙት የመዝጊያውን ብረት ነው። ግን ጉልበቱ ከጠመንጃ ይልቅ ወደ ሽጉጥ ያጋደለ ነው። ለአሳማ ከሆነ ቀረብ በሉ፣ ቦታውን አጥርታችሁ ምቱ፤ እንስሳ አቁስሎ መስደድ ነውር ነው።

ካታሎግ ላይ የተጻፈ የዴሲቤል ቁጥር ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በስንት ኢንች በርሜል ተለካ? አፈሙዙ ጋ ነው ወይስ ተኳሹ ጆሮ ጋ? በ16 ወይም በ20 ኢንች የተለካ ቁጥር ለናንተ 10.5 ምንም አይነግርም። ፒው ሳይንስ የሚባል ራሱን የቻለ የፍተሻ ድርጅት የሁለቱንም ውጤት ለየብቻ ያወጣል፤ አንዳንዱ ፍተሻው በአጭር በርሜል ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የመረጣችሁትን እዚያ ፈልጉት።

ወረቀቱ ጸድቆ ዕቃው እጃችሁ ሲገባ የመጀመሪያዋን ጥይት ብቻዋን ካዝና ውስጥ አስገብታችሁ ተኩሱ። ካርቶኑ ላይ ቀዳዳው ክብ ነው ወይስ ሞላላ? ሞላላ ከሆነ ጥይቱ የሆነ ነገር ነክቶ እየተንገዳገደ ነው የመጣው፤ አቁሙና ወደ ዘንጉ ተመለሱ። ክብ ከሆነ አምስት ስድስት ጨምሩና ጠመንጃውን ባዶ አድርጋችሁ ማሰሪያው መላላቱን እዩ። ያለ ማሰሪያ ቀጥታ ፊሌቶው ላይ የሚታሰረው ዓይነት በተለይ መላላት ይወዳል። በባዶ እጅ ግን አትንኩት፤ አንድ ካዝና ከተተኮሰበት በኋላ ቆዳ ያነሳል። የበያጅ ጓንት ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። እስኪበርድም ከረጢት ውስጥ አትክተቱት፤ ናይለኑ ቀልጦ ይጣበቅበታል።